የየኔታ ጆሮ

ከጉንደ ወይን እስከ መርጡለ ማርያምና ዲማ ጊዮርጊስ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ የንባብ ቤት ልጆች ለዘመናት የተማሩት እየጮኹ ነው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን በውርድ ንባብ ይላል፣ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ። የኔታ ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱ ልጅ ወዳቂውን ቃል ተነሽ አድርጎ ሲያነብ ይሰሙና ከተቀመጡበት ያርሙታል። ከመምህራኑ መካከል ዓይነ ስውራን አልጠፉም፤ መጽሐፉን ቀና ብለው ሊያዩ አይችሉም፣ ያላቸው ጆሮ ብቻ ነው።

ይህ ልማድ መስማትና ለይቶ መስማት ሁለት መሆናቸውን ያስረዳል። የተለመደው የጆሮ ምርመራ የሚለካው ግን የመጀመሪያውን ነው፦ ጸጥ ባለ ክፍል ማዳመጫ አድርጎ፣ ደካማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቁልፍ መጫን። «ጤነኛ ነህ» ተብሎ የወጣ ሰው ሰርግ ቤት ወይም መናኸሪያ ሲገባ አጠገቡ ያለው የሚለው ላይለይለት ይችላል። «አለ» ሲጠብቅ መኖር፣ ሲላላ መናገር ነው፤ ያቺን የአንድ ፊደል ጥብቀት ጫጫታ ከዋጣት ቃሉ ሌላ ይሆናል። ምክንያቱን የሚጠቁም ጥናት አለ፦ በ2009 እ.ኤ.አ. የጆሮ ተመራማሪዎቹ ሻሮን ኩጃዋና ቻርልስ ሊበርማን በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ከኃይለኛ ጩኸት በኋላ የመስማት ልኩ ወደ ነበረበት ቢመለስም ጆሮን ከነርቭ የሚያገናኙት መገጣጠሚያዎች እስከ ግማሽ ድረስ ጠፍተው ይቀራሉ። ይህ በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ተመራማሪዎች ገና ይከራከራሉ።

«የኔታ መጽሐፉን በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው እንጂ ጆሯቸው ከሰው ተለይቶ አይደለም» የሚል ቢኖር፣ ግማሽ እውነት አለው፤ በጫጫታ ውስጥ የጎደለውን የሚሞላው ዕውቀት ነው። ቅኔ ቤት ስንደርስ ግን ይህ ማብራሪያ አይበቃም። ቅኔው አዲስ ነው፤ ነጣቂው አንድ ጊዜ ሰምቶ እዚያው ይይዘዋል፣ አንዲት ቃል ካመለጠችው ሰሙም ወርቁም ይሄድበታል። በቃል ያጠኑት ነገር እዚህ ብዙ አይረዳም፣ ጆሮ ራሱ መለየት አለበት።

ልማዱን ግን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባም። በዚያ ጩኸት ቃል የሚያመልጠው ልጅ «ፈዛዛ» ተብሎ ኩርኩም ቀምሷል፤ ጥፋቱ የጆሮ ይሁን የልብ የጠየቀለት አልነበረም። የንባብ ቤቱ ችሎታውን ፈተነ፣ ጉድለቱን ግን ስንፍና አለው፤ የዛሬው የተለመደ ምርመራ ደግሞ ጉድለቱን ጨርሶ አያየውም። የጆሮ ሐኪሞች ሆይ፣ «ምንም የለብህም» ብላችሁ ከማሰናበታችሁ በፊት ሰውየውን በጫጫታ መካከል ንግግር እያሰማችሁ አንድ ጊዜ ፈትኑት።