የተቆለፈ ሰነድ በቆየ ኮምፒውተር አልከፈት ሲል፦ ምክንያቱና መፍትሔው

በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቶች የሚያገለግሉ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ከበጎ አድራጊ ምእመናን በስጦታ የተገኙ ወይም አገልግለው የተገዙ ናቸው። ዕድሜያቸው ቢገፋም ጽሑፍ ይጽፋሉ፤ ያትማሉ፤ መዝገብም ይይዛሉ። ችግሩ የሚመጣው በአዲስ ኮምፒውተር ተዘጋጅቶ የተቆለፈ ሰነድ ሲላክላቸው ነው። ያን ጊዜ ሰነዱ አልከፈት ይላል፤ ወይም ተከፍቶ የማይነበብ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የችግሩን ምክንያቶች ከነምልክቶቻቸውና ከነመፍትሔያቸው እናቀርባለን።

ጉዳዩ ለምን ያሳስባል?

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ አካባቢ በሚገኝ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የገጠመንን እናንሣ። ለበዓል የሚጠና የመዝሙር ጥራዝ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ተላከልን። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ቃሉን ደጋግመን ብናስገባም «ተሳስቷል» እያለ መለሰን። በዓሉ በመቃረቡ አንድ ወንድም ሰነዱን በፍላሽ ይዞ፣ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፎ፣ የሚከፍትለት ባለሙያ ፍለጋ ወደ ገበያው ወጣ። በመርካቶ ለሁሉም ነገር ጠጋኝ አይጠፋምና ሐሳቡ የሚነቀፍ አልነበረም። ነገር ግን በዚያው ፍላሽ ላይ የተጠማቂ ሕፃናት ስም ከነወላጆቻቸው ስምና ስልክ ቁጥር የተመዘገበበት ፋይል ነበር። ፍላሹ በማግሥቱ ተመለሰ፤ መዝገቡ በማናውቀው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ቀርቶ እንደ ሆነ ግን የምናረጋግጥበት መንገድ አልነበረንም። የችግሩ ምክንያት ሲመረመር የይለፍ ቃሉ በሚገባበት ጊዜ የግዕዝ መጻፊያው በርቶ መቆየቱ ታወቀ። አንድ ቁልፍ በመንካት የሚፈታ ነገር የብዙ ቤተሰቦችን አደራ ለአደጋ አጋልጦ ነበር። ስለዚህ ምልክቱን ለይቶ ማወቅ ጊዜን ከማትረፍም በላይ አደራን መጠበቅ ነው።

ሁለት ዓይነት ጥበቃ

በመጀመሪያ የጥበቃው ዓይነት መለየት አለበት። አንደኛው ዓይነት ሰነዱን ለመክፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ይዘቱም ስለሚመሰጠር ያለ ቃሉ አይነበብም። ሁለተኛው ዓይነት መክፈትን ሳይሆን መለወጥን፣ መገልበጥን ወይም ማተምን ይከለክላል። ሁለተኛው ሰነድ ያለ ይለፍ ቃል መከፈት ስላለበት፣ እንዲህ ያለው ሰነድ አልታይ ካለ ምክንያቱን ከይለፍ ቃሉ ውጭ መፈለግ ይገባል።

አንደኛው ምልክት፦ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል አልቀበልም ማለት

የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ የሚታየው ነጠብጣብ ወይም ኮከብ ብቻ ነው። ስለዚህ ፓወር ግዕዝን የመሰለ መጻፊያ በርቶ እንደ ሆነ በዐይን አይለይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቃሉን በመጀመሪያ በባዶ ገጽ ላይ ጽፎ ማየት፣ የግዕዝ መጻፊያውን ማጥፋት፣ ትልቁን የላቲን ፊደል የሚያወጣው ቁልፍ አለመብራቱን ማረጋገጥ።

የይለፍ ቃሉ ራሱ በግዕዝ ፊደል የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። የቆየው የፒዲኤፍ ምስጠራ የይለፍ ቃልን የሚቀበለው በተወሰኑ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ነው፤ የዩኒኮድ ፊደላትን የተቀበለው ባለ 256 ቢቱ ምስጠራ ከመጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ለቆየ ኮምፒውተር የሚላክ ሰነድ የይለፍ ቃሉ በላቲን ፊደልና በቁጥር ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ምልክት፦ «አዲስ ስሪት ያስፈልጋል» ማለት

የፒዲኤፍ መቆለፊያ በየዘመኑ ተለውጧል። አክሮባት 5 ባለ 128 ቢት ምስጠራን ይዞ መጣ፤ አክሮባት 7 ኤኢኤስ የተባለውን የምስጠራ ስልት በ128 ቢት አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አክሮባት 9 ወደ 256 ቢት ከፍ አደረገው፤ አክሮባት 10 ደግሞ የዚህኑ አሠራር አሻሻለ። የቀደመ ማንበቢያ ከእርሱ በኋላ የመጣውን መቆለፊያ አያውቀውም። ትክክለኛ የይለፍ ቃል ቢሰጠውም በአዲስ ጋን ቁልፍ ላይ የአሮጌውን መክፈቻ እንደ ማዞር ነው።

በዚህ ጊዜ ማንበቢያውን ማሳደግ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሊጫኑ ከሚችሉት መካከል የመጨረሻው አዶቤ ሪደር 11ኛው ስሪት ነው፤ ለዚህም ኤክስፒው ሦስተኛው የማሻሻያ ጥቅል ሊኖረው ይገባል። ቀለል ያለ ማንበቢያ ለሚፈልግ ሱማትራ ፒዲኤፍ በነጻ ይገኛል፤ በኤክስፒ ላይ የሚሠራው የመጨረሻ ስሪቱ 3.1.2 ነው። የወርድ ሰነድ ከሆነ ደግሞ አዲሱ የፋይል ዓይነት ዶክኤክስ የመጣው ከኦፊስ 2007 ጋር በመሆኑ ኦፊስ 2003 እንዲሁ አይከፍተውም። ሊብሬኦፊስ እስከ 5.4 ስሪቱ ድረስ በኤክስፒ ላይ ይሠራል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ደግሞ በ2020 አቁሟል። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን በሌላ ኮምፒውተር ከአምራቾቻቸው ገጽ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማምጣት እንጂ የቆየውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት አይመከርም።

ሦስተኛው ምልክት፦ ሰነዱ ተከፍቶ ፊደሉ አለመነበቡ

ይህ ችግር የፊደል እንጂ የመቆለፊያ አይደለም። ሁለት መልክ አለው።

በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከተደረደረ ጽሑፉ በዩኒኮድ ተጽፏል፤ ኮምፒውተሩ ግን የግዕዝ ፎንት የለውም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ቢሆንም ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት አብሮ የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰለ በነጻ የሚገኝ ፎንት ቢጫን ሳጥኑ ወደ ፊደል ይመለሳል።

ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ከታየ ግን ጽሑፉ ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተጻፈ ነው። ቪዥዋል ግዕዝንና የቀደመውን ፓወር ግዕዝ የመሳሰሉት በላቲን ፊደላት ቦታ የግዕዝን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። ጽሑፉ የሚነበበው በተጻፈበት ፎንት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ እንዳይለወጥ የተጠበቀ ሲሆን ችግሩ ይደረባል፤ ፎንቱን መቀየርም ሆነ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ ማዛወር መለወጥ ነውና ጥበቃው ይከለክላል። ያኔ ያንኑ ፎንት መጫን፣ ካልተገኘም ባለቤቱ ጥበቃውን አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።

የዜማ መጻሕፍትን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥን የመሳሰሉት የዜማ ምልክቶች በዩኒኮድ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ4.1 ስሪት ነው። ስለዚህ ፊደሉ በትክክል እየተነበበ ከበላዩ ሳጥን ብቻ ከታየ ፎንቱ ለምልክቶቹ አልተሠራም ማለት ነውና አዲስ ፎንት መጫን ያስፈልጋል። ምልክቶቹን የሰነዱ ስሕተት ናቸው ብሎ መሰረዝ ግን ዜማውን ማጥፋት ነው።

አራተኛው ምልክት፦ ባዶ ገጽ ወይም የጠፋ ፋይል

በስካነር የተነሣ መጽሐፍ ነጭ ገጽ ብቻ ካሳየ ማንበቢያው የምስሉን ዓይነት ላያውቀው ይችላል፤ ወይም የኮምፒውተሩ ሜሞሪ አንሶት ይሆናል። ሌሎች ፕሮግራሞችን ዘግቶ፣ ማንበቢያውን አሳድጎ መሞከር ይገባል። የፋይሉንም መጠን ከላኪው ዘንድ ካለው ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው፤ መጠኑ ካነሰ ሲወርድ ተቋርጧል።

በፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ከተለወጡ ቫይረስ ገብቷል። ብዙውን ጊዜ ትክክለኞቹ ፋይሎች ተደብቀው እዚያው ይገኛሉ። ፍላሹን ፎርማት ከማድረግና አቋራጮቹን ከመክፈት ተቆጥቦ፣ አስቀድሞ በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ፣ ከዚያም የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ማስተካከያ ማብራት ነው።

ፈቃዳቸው በኢንተርኔት የሚረጋገጥ ሰነዶች ደግሞ የኮምፒውተሩ ቀን ከተሳሳተ ላይከፈቱ ይችላሉ። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ የውስጥ ባትሪው አልቋል። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ይህ ሲአር 2032 የተባለው ክብ ባትሪ ሲሆን ለመለወጥ አስቸጋሪ አይደለም።

ወደ ጠጋኝ ከመሄድ በፊት

በምናለሽ ተራ ያረጀ ዕቃ ዳግም ለሥራ እንደሚበቃ ሁሉ በመርካቶ የቆየ ኮምፒውተርን የሚያድኑ እጀ ብልህ ባለሙያዎች አሉ። ወደ እነርሱ ስንሄድ ግን ያልተከፈተውን አንድ ሰነድ ብቻ በባዶ ፍላሽ እንያዝ፤ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈን ከመስጠት ራሳችን እናስገባ፤ ሥራውም በፊታችን ይሠራ። ቅጂ መቅረት አለመቅረቱንም እንጠይቅ።

መቆለፊያ እንሰብራለን የሚሉ የኢንተርኔት ገጾች ሰነዱን ወደ ራሳቸው እንዲላክ ይጠይቃሉ። የተጠማቂዎች፣ የጋብቻ ወይም የንስሐ ልጆች ስም ዝርዝር ለእነዚህ ፈጽሞ ሊላክ አይገባም። የሌላ ሰው የድካም ፍሬ የሆነ መጽሐፍም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው መብት ይሰጣል። ቀናው መንገድ ባለቤቱን ጠይቆ ለቆየ ኮምፒውተር የሚስማማ ቅጂ ማግኘት ነው።

ሰነድ ለምትልኩ

ላኪው ቢያስብበት የተቀባዩ ድካም ይቀንሳል። ከመላክ በፊት ተቀባዩ ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳለው መጠየቅ፣ ፒዲኤፍ ሲዘጋጅ ፎንቱ አብሮ እንዲታቀፍ ማድረግ፣ ግድ ካልሆነ በቀር ከአክሮባት 7 ጋር የሚስማማውን የጥበቃ ደረጃ መምረጥ ይገባል። ይህ ደረጃ ከ256 ቢቱ ዝቅ ያለ መሆኑ ግን አይዘንጋ፤ ለግል መረጃ ጠንካራውን መርጦ በአዲስ ኮምፒውተር መክፈት ይሻላል። ለሁሉም የሚነበብ ትምህርትና መዝሙር ግን መቆለፍ ያስፈልገው እንደ ሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የይለፍ ቃሉም ሙዳየ ምጽዋት በአንድ ሰው ብቻ እንደማይከፈት ሁሉ ቢያንስ በሁለት ኃላፊዎች ዘንድ ይታወቅ። አንድ አገልጋይ ቢዛወር ወይም ከዚህ ዓለም ቢለይ የብዙ ዓመት መዝገብ ተዘግቶ ይቀራልና። ለሁሉ የተጻፈው ለሁሉ እንዲነበብ፣ በአደራ የተሰጠውም በአደራ እንዲጠበቅ ሁላችንም ጥንቃቄ እናድርግ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።