«የጊዜ ኮድ» አይደለም፣ «የምስል ተራ ቁጥር» ነው

«የጊዜ ኮድ» የሚባል ስያሜ እየተስፋፋ ነው። በሐዋሳ መሃል ከተማ የሠርግና የምርቃት ቪዲዮ በሚያቀናብሩ ቤቶች ሠልጣኞች እጅ በሚገኙ ወረቀቶች ላይ አለ፤ በማሽን በተተረጎሙ የሶፍትዌር መመሪያዎችና በዩቲዩብ ትምህርቶች ውስጥም ገብቷል። ታይም ኮድን ነው እንዲህ ያሉት። ታይምን ጊዜ ብለው፣ ኮድን እንዳለ ትተው፣ ሁለቱን ለጥፈው አለፉ። ይህ ቃል ሥር ሳይሰድድ መነቀል አለበት ባይ ነኝ።

ነገሩን ቪዲዮ የነካካ ሁሉ ያውቀዋል። በማቀናበሪያው መስኮት ጥግ ላይ የሚሮጠው ቁጥር ነው፤ 00:04:12:18 ብሎ ይቆማል። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፤ የመጨረሻው ጥንድ ደግሞ በዚያ ሰከንድ ውስጥ ምስሉ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። የኤሌክትሪክ ሞገዱ 50 ኸርዝ በሆነበት በእኛ አገር የተለመደው በሰከንድ 25 ምስል ስለሆነ ይህ ጥንድ ከ00 እስከ 24 ይሄድና ሰከንዱን አንድ ጨምሮ እንደገና ከ00 ይነሳል።

«ኮድ» የሚለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማ ምን ይመጣበታል? የመኪና ሰሌዳ፤ ኮድ 2፣ ኮድ 3። የስልክ መክፈቻ ምስጢር ቁጥር። የፕሮግራመር ጽሑፍ። ታይም ኮድ ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም፤ የሚደብቀውም የሚፈታም ነገር የለውም። «ጊዜ» ደግሞ ይብሳል። ጊዜ በአማርኛ ዘመንም ነው፣ አጋጣሚም ነው፣ ዕድልም ነው፤ «ጊዜ የሰጠው» እንላለን። ይህን ሁሉ የተሸከመ ቃል አንዲትን ምስል ነጥሎ እንዲጠራ መላክ ቃሉንም ሥራውንም መበደል ነው።

ታይም ኮድን እንዳለ እንያዘው የሚሉ አሉ። ካሜራን፣ ፊልምን፣ ባትሪን ተቀብለን የለም ወይ ነው ክርክራቸው። ተቀብለናል፣ ደግም አድርገናል። ካሜራ ግን በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነው፤ ስሙ ምንም ቢሆን ያዩታል። ታይም ኮድ ሐሳብ ነው፣ ስሙ ሐሳቡን ካልገለጠ ተማሪው ሌላ ነገር ይገምታል። ግምቱም ያው ነው፦ ግድግዳ ላይ እንዳለው ያለ ሰዓት። ካሜራው የቀኑን ሰዓት እንዲከተል ተደርጎ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 14:00:00:00 ሲያሳይ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ነውና «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» ይባላል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ አዲስ ቅንብር ሲከፈትበት ከ01:00:00:00 ይጀምራል፤ ገና ምንም ሳይሠራ አንድ ሰዓት ከየት መጣ ተብሎ ይፈራል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።

ከግእዝ የሚነሱ ደግሞ «ሰዓተ ምስል» ይላሉ። ለጆሮ ያምራል፤ ከቃለ ጉባኤና ከመርሐ ግብር ጎን ቢቆም አያሳፍርም። ለጥቃቅን ጊዜ ስም ከተፈለገ እንኳ ቅርሳችን ሀብታም ነው። ባሕረ ሐሳብ ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት፣ ካልዒትን በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲትን በ60 ራብዒት ይከፍላል። አስሉት፦ አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ፣ አንድ ካልዒት 24 ሰከንድ፣ አንድ ሣልሲት የሰከንድ አራት አሥረኛ ነው። በሰከንድ 25 ከሚሄደው ቪዲዮ የአንዲቱ ምስል ዕድሜ ታዲያ ልክ 6 ራብዒት ይሆናል፤ ያለ ትርፍ፣ ያለ ጉድለት። አማርኛ ለቴክኖሎጂ አይበቃም የሚል ሰው ይህን ስሌት በእጁ ይሥራው። ሊቃውንቱ ቴሌቪዥን ከመፈጠሩ ከዘመናት በፊት ከአንዲት የቪዲዮ ምስል ያነሰ ጊዜ ስም አውጥተውለት ነበር።

ግን ራብዒት ርዝመት ይለካል፣ ሰዓተ ምስልም ወደዚያው ያደላል። ታይም ኮድ አይለካም፤ ምስሏን ይጠራታል። ለዚህ የሚሆን ቃል ደግሞ በየቢሮው ቅጽ፣ በየስም ዝርዝሩ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ «ተ.ቁ.» ተብሎ ተጽፎ አለ። ተራ ቁጥር። እናም ምርጫዬ «የምስል ተራ ቁጥር» ነው። «የምስል ቁጥር» ብቻ እንዳንለው በመጻሕፍት «ምስል ቁጥር 3» ከሚባለው ጋር ይጋጫል። «ተራ» ግን ሕያው ቃል ነው፤ መናኸሪያ ያለ ባጃጅ ሁሉ ተራውን ያውቃል፣ ማን ከማን በፊት እንደሆነ።

የዚህ ስያሜ ጥቅም በይበልጥ የሚታየው ድሮፕ ፍሬም የሚባለው ጋ ነው። «የወደቀ ፍሬም» ብለው ተርጉመውት አይቻለሁ፤ አሳሳች ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 29.97 ምስል ነው። ቁጥሩ ግን ክፍልፋይ አያውቅም፣ 30 እያለ ይቆጥራል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከእውነተኛው ሰዓት 3.6 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። መላው በየደቂቃው መግቢያ 00 እና 01 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች መዝለል ነው፤ በየአሥረኛው ደቂቃ ብቻ አይዘለልም። ከ00:00:59;29 ቀጥሎ 00:01:00;02 ይመጣል። በሰዓት 108 ቁጥር ይዘለላል፣ አንዲት ምስል ግን አትጠፋም። «የወደቀ» ሲባል የሙሽራዋ ምስል የተጣለ ይመስላል። «ተራ ዘላይ» እንበለው፣ ተቃራኒውን «ተራ የማይዘል»። በስክሪኑ ላይ በሁለት ነጥብ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ ያለበት ነጥብ ከታየ ተራ ዘላይ ነው።

ፕሪሚየር በተባለው ማቀናበሪያ ውስጥ፣ በሰከንድ 25 ምስል በሚሄድ ቪዲዮ ላይ፣ 00:04:12:18 የነበረው በድንገት 6318 ሆኖ ከተገኘም የጠፋ ነገር የለም፤ ኮንትሮልን ተጭኖ ቁጥሩን ጠቅ ያደረገ ሰው የአጻጻፉን ዓይነት ቀይሮታል። 6318 ያቺው ምስል ናት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በጥሬው ስትቆጠር። እንዲያው ጠቅ ማድረግን መደጋገም ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። «የጊዜ ኮድ» ብሎ የተማረ ልጅ ጊዜው የት ገባ ብሎ ፕሮጀክቱን ዘግቶ ይከፍታል፤ ተራ ቁጥር ብሎ የተማረው ግን ተራ በሁለት መንገድ እንደሚጻፍ ወዲያው ይገባዋል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ፍሬም ሬት። «የምስል ፍጥነት» መባል ጀምሯል፣ ግን ቪዲዮውን ከማፍጠንና ከማዘግየት ጋር ይምታታል። «የሰከንድ ምስል ብዛት» ይረዝማል፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ አጭር ቃል እስኪገኝ እሱን እጽፋለሁ።