የወተት ጥርስና የዋሽንግተን ሒሳብ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወጋችሁ ስለ አንድ ደንብ ነው። ደንብ ሲባል የብዙ ሰው ልብ ይርቃል፤ የቢሮ ሰዎች ጉዳይ ይመስለናል። ይህኛው ግን የሕፃናት አእምሮ፣ የአባወራዎች ደም ግፊትና የመኪና ማርሚታ በአንድ ገጽ ላይ የተደመሩበት ነው። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ዓመታቱንም በእነሱው አቆጣጠር እጠራላችኋለሁ።

በ1921 በኦሃዮ ግዛት፣ ዴይተን ከተማ፣ በጄኔራል ሞተርስ ቤተ ሙከራ ቶማስ ሚድግሌይ የሚባል መሐንዲስ አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶት ነበር። የዚያ ዘመን ሞተር ጉልበት ሲጠየቅ ያንኳኳል። ሚድግሌይ ብዙ ቅመም ሞክሮ በመጨረሻ ከእርሳስ የተሠራ ፈሳሽ ቤንዚኑ ላይ ጠብ ቢያደርግ ሞተሩ ጸጥ አለ። እርሳስ ስላችሁ መጻፊያውን ሳይሆን ከባዱን ማዕድን ነው። በ1923 ቤንዚኑ ከነፈሳሹ እዚያው ዴይተን ማደያ ላይ መሸጥ ጀመረ።

ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1924 መኸር፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ፈሳሹ በሚሠራበት የነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ይቃዡ፣ ይንፈራገጡ ጀመር። አምስቱ ሞቱ። ጋዜጦቹ ነገሩን የእብደት ጋዝ አሉት። በማግስቱ ዓመት መንግሥት ጉባኤ ጠራ። በሠራተኞች ጤና ላይ እውቀታቸው የተመሰከረላቸው ዶክተር አሊስ ሃሚልተን፣ እርሳስ በገባበት ሁሉ መመረዝ እንደማይቀር ተናገሩ፤ ሌላ መፍትሔ ይፈለግ አሉ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጥቂት ወራት አጠና፣ የሚከለክል በቂ ምክንያት አላገኘሁም አለ። በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ ለሃምሳ ዓመት ያህል መኪና በሄደበት ሁሉ እርሳስ ከጭስ ጋር ሲወጣ፣ ግቢ ውስጥ ሲያርፍ፣ የሚድኽ ሕፃን እጁን ሲልስ ወደ ሆዱ ሲገባ ኖረ።

አሁን ወደ ጥርሱ ልምጣ። እኛ አገር ልጅ የወለቀ የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ ወርውሮ ሌላ እንዲያበቅልለት ይለምናል። ኸርበርት ኒድልማን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ግን ያንን ጥርስ ፈለጉት። ምክንያታቸው ይህ ነው፤ ደም ውስጥ የገባ እርሳስ ጊዜ ሲያልፍ ይቀንሳል፣ ጥርስና አጥንት ውስጥ የገባው ግን ዓመታት ይቀመጣል። ስለዚህ ቦስተን አጠገብ ባሉት ቼልሲና ሰመርቪል፣ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል የሚማሩ ከ2,000 በላይ ሕፃናት የወለቀ ጥርሳቸውን ሰጧቸው። መምህራኑ የማን ጥርስ ምን ያህል እርሳስ እንደያዘ ሳያውቁ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ተጠየቁ፤ ትእዛዝ ይከተላል? የጀመረውን ይጨርሳል? በቀላሉ ሐሳቡ ይበተናል?

መልሱ ከጥርሱ ጋር ተገጣጠመ። ጥርሱ ውስጥ ያለው እርሳስ ከፍ ባለ ቁጥር፣ አልሰማ፣ አልረጋ፣ አልጨርስ ያለው ልጅ እየበዛ ሄደ። የማሰብ ችሎታ መለኪያውም ዝቅ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው እነዚህ ልጆች በእርሳስ ታማችኋል ተብለው የማያውቁ፣ ጤነኛ የሚባሉ መሆናቸው ነው። እናቶቻቸው ሰነፍ ልጅ ወለድኩ ብለው ይሆናል። ጥናቱ በ1979 ታተመ።

በዚያ ጊዜ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1973 ያወጣው ደንብ በቤንዚን ውስጥ ያለውን እርሳስ በየደረጃው እየቀነሰ ነበር። በ1981 ሮናልድ ሬገን ሥልጣን ያዙ። ወር ሳይሞላቸው፣ በየካቲት፣ አንድ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ማንኛውም ከባድ ደንብ ሒሳቡ ይሠራ፣ ለኅብረተሰቡ የሚሰጠው ጥቅም ከሚያስወጣው ወጪ ካልበለጠ አይውጣ። ደንቦችን የሚያቀልል ግብረ ኃይልም በምክትል ፕሬዚዳንቱ በጆርጅ ቡሽ ሰብሳቢነት ተቋቋመ። ይቅለሉ ከተባሉት መካከል የእርሳሱ ደንብ ነበረበት። የነዳጅ ማጣሪያዎቹ ወጪ በዛብን ብለው ነበራ! በ1982 መጀመሪያ ድርጅቱ ገደቡን ላላ ለማድረግ ሐሳብ እንዳለው አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። የማጣሪያው ወጪ የታወቀ ነው፤ ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ቢሮ ድረስ ይመጣል። የቼልሲው ልጅ ወጪ ግን ደረሰኝ የለውም። እናቱም ልጇ እርሳስ እንደዋጠ አታውቅም፤ ስለማታውቅ አትመጣም፣ ስላልመጣች አትቆጠርም። የዚህ ሁሉ ታሪክ ፍሬ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የደንብ ሒሳብ ተራውን ሰው የሚጎዳው ቁጥር ስለሆነ አይደለም፤ የተራው ሰው ረድፍ ባዶ ሲተው ነው።

ሐኪሞችና ወላጆች ተነሡ፣ ተቃወሙ። በዚህ መሐል የደም ምርመራ ውጤት መጣ። ከ1976 እስከ 1980 በመላው አገሪቱ በተደረገው የጤና ጥናት የአሜሪካውያን ደም ውስጥ ያለው እርሳስ በአማካይ 37 በመቶ ወርዶ ተገኘ። የአወራረዱ መስመር በዚያው ጊዜ ቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ከቀነሰበት መስመር ጋር አብሮ ይሄዳል። ያው ጥናት ሌላም አሳየ፤ በጊዜው አደገኛ ከሚባለው መጠን ላይ የደረሱት ሕፃናት ከነጮቹ 100 ውስጥ ሁለት ሲሆኑ ከጥቁሮቹ 12 ነበሩ። ጭሱ በማን መንደር እንደሚያልፍ ታያላችሁ። ድርጅቱ ሐሳቡን ለወጠ፤ በ1982 መጨረሻ ገደቡን ማላላቱ ቀርቶ አጠበቀው።

በድርጅቱ የፖሊሲ ቢሮ ጆኤል ሽዋርትስ የሚባል ኢኮኖሚስት ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ፕሬዚዳንቱ ያዘዙትን ሒሳብ ይዘው ቁጭ አሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ባዶውን ረድፍ ሞሉት። እርሳሱ ቢቀር ስንት ሕፃን ከሕክምና ይተርፋል? ስንቱ ልዩ የማካካሻ ትምህርት አያስፈልገውም? እርሳስ ካንዴላና ማርሚታ ይበላልና፣ ባለመኪናው ለጋራዥ የሚከፍለው ስንት ይቀንሳል? ሌላ ጣጣም ነበር። እርሳስ የሌለበት ቤንዚን ጥቂት ሳንቲም ስለሚበልጥ፣ ለእሱ የተሠራ መኪና የያዘ ሰው የመሙያውን ጠባብ አፍ እያሰፋ ርካሹን ይቀዳ ነበር፤ የጭስ ማጣሪያው ካታሊቲክ ኮንቨርተርም በዚሁ ይበላሻል። ይህም ተደመረ።

በ1985 መጀመሪያ ሒሳቡ ወጣ። ለ1986 ዓመት ማጣሪያዎቹ ላይ የሚመጣው ወጪ 608 ሚሊዮን ዶላር። ከሕፃናት ጤናና ትምህርት ብቻ የሚድነው 600 ሚሊዮን። ከመኪና ጥገና 914 ሚሊዮን። የአዋቂዎች ደም ግፊት ሲጨመርበት ከአምስት ቢሊዮን በላይ ሌላ፤ ይህኛው ግን ጥናቱ ገና ትኩስ ስለነበር ለውሳኔው መሠረት አልተደረገም። ያለ እሱም ጥቅሙ ወጪውን እጅግ አስከነዳው። ደንቦች እንዲቀልሉ ታስቦ የተፈረመው ትእዛዝ ከዚያ በፊት ያልታየ ጥብቅ ደንብ ወለደ፤ በአንድ ጋሎን 1.1 ግራም የነበረው እርሳስ ከሐምሌ 1985 ጀምሮ 0.5፣ ከጥር 1986 ጀምሮ 0.1 ግራም ብቻ ይሁን ተባለ። ከ1996 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ በመንገድ መኪና ቤንዚን ውስጥ ጨርሶ ተከለከለ።

እውነቱን ልናገር፤ 600 ሚሊዮኑን ሳስበው ያመኛል። የልጅ አእምሮ የተተመነው በሐኪም ክፍያና በማካካሻ ትምህርት ዋጋ ነው። እናት ብትጠየቅ በዚህ ዋጋ አትስማማም። ቢሆንም ያ ዝቅተኛ ዋጋ እንኳ ሲጻፍ ብቻውን ከማጣሪያዎቹ ወጪ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው፤ ባይጻፍ ኖሮ ልጁ ከሒሳቡ ውጭ በቀረ ነበር።

ለዚህም ነው በ2017 በዚያው አገር የወጣው፣ አንድ አዲስ ደንብ ሲመጣ ሁለት አሮጌ ይነሣ የሚለው ትእዛዝ፣ በ2025ም ወደ አሥር ከፍ የተደረገው፣ የሚያሳስበኝ። የሚቆጥረው የደንቡን ብዛትና የሚያስወጣውን ወጪ ነው። በዚያ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ በ1985 የማጣሪያው 608 ሚሊዮን ተጽፎ የሕፃኑ ረድፍ ባዶ በቀረ ነበር። አላስፈላጊ ደንብ ይነሣ፣ እስማማለሁ፤ ባለሱቁንና ባለታክሲውን በከንቱ የሚያንገላታ ደንብ እኛም ጋ ሞልቷል። ግን የሚነሣውም የሚወጣውም በሁለቱም ወገን ይመዘን።

ታሪኩ ወደ እኛም ደርሷል። በ2001 ዳካር ላይ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ለመተው ተስማሙ፤ በ2005 መጨረሻም ኢትዮጵያን ጨምሮ ከዚህ ቤንዚን ተላቀቁ። አሜሪካ ሒሳቡን ካወጣች ሃያ ዓመት አልፎ ማለት ነው። በእነዚያ ሃያ ዓመታት በየአደባባዩ ጭስ ውስጥ ሎተሪና ማስቲካ ሲሸጡ ያደጉ ልጆች ስንት ነበሩ? የዓለም የመጨረሻው አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አንድ ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል ያዝዛል። ረቂቅ ወጣ ሲባል የነጋዴ ማኅበራት ጠበቃ ይዘው ይሄዳሉ፤ መብታቸው ነው። ጉልት ቸርቻሪዋ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ልጅ የምታሳድገው እናት ግን አይሄዱም። ሂዱ። ባትችሉ ጻፉ። መመሪያው ከኪሳችሁ ስንት እንደሚያወጣ፣ ለልጃችሁ ጤና ምን እንደሚያተርፍ ወይም እንደሚያጎድል በቁጥር አስቀምጡላቸው። ያልተጻፈ ጉዳት ሒሳብ ውስጥ አይገባም።