አዲስ አበባ የሄደውና እንሰት ሥር የቀረችው

የአዲስ አበባን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ጉራጌን የሚያነሡት መርካቶ ላይ ነው። ከተሸካሚነት ተነሥቶ ሱቅ ከፈተ፣ ከሱቅ ተነሥቶ ትልቅ ነጋዴ ሆነ ይሉናል። ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን ታሪኩ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ከተማ ውስጥ ስለሆነ፣ ሰውየው ትቷቸው የመጣው ሚስትና ልጆች ምን በሉ፣ ምን ለበሱ፣ ኑሯቸው ተሻለ ወይስ ባሰ የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ ይቀራል። እስቲ ዛሬ ከዚያኛው ጫፍ እንጀምር።

ሶዶ ክስታኔ ለምኒልክ የገበረው ቀደም ብሎ ነው። ምዕራቡ ጉራጌ ግን በሐሰን ኢንጃሞ ዘመን ብዙ ተዋግቶ እስከ 1881 ዓ.ም. ገደማ አልተያዘም ነበር። ከዚያ በኋላ መሬቱም ሰዉም ለመልከኛና ለነፍጠኛ ተደለደለ። ገባሩ እህል፣ ማርና ጉልበት ብቻ አልነበረም የሚጠየቀው፤ ብርም ይጠየቅ ነበር። ታዲያ እንሰት የሚተክል ገበሬ ብር ከየት ያምጣ? አዲስ ከተማ ከአገሩ በጥቂት ቀን መንገድ ላይ እየተቆረቆረ ነበር፤ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ጉድጓድ የሚቆፍር፣ ዕቃ የሚሸከም ሰው ይፈለጋል። ሄደ። «ጉራጌ ገንዘብ ስለሚወድ ተሰደደ» የሚሉ ሰዎች ይህችን የግብር ነገር ለምን እንደሚዘሏት አይገባኝም።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ አገር ቤት የሚገባው ገንዘብ ቤቱን አላሻሻለም፤ በቤቱ በኩል አልፎ ሄደ እንጂ። በ1934 ዓ.ም. መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ግብሩ በብር ሲወሰንም ይኸው ነገር መልኩን ለውጦ ቀጠለ። ልጁ ከተማ የለፋበት ብር የገዛው ነገር ቢኖር እዚያው መሬት ላይ መቆየትን ነው። ይህም ቀላል አይደለም፤ ግን የኑሮ መሻሻል ብለን ልንጽፈው አንችልም።

አሁን ወደ ጓሮ እንግባ፣ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነውና። እንሰት ከተተከለ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል፤ በየጊዜውም ተነቅሎ እየተዛወረ ይተከላል። ቁፋሮውና ማዛወሩ የወንድ ሥራ ነው። መፋቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ጠቅልሎ መቅበሩ፣ ቆጮውን አውጥቶ መጋገሩ፣ ቡላውና ቃጫው የሴት ነው። ፍግ ስለሚፈልግ ከብት ያስፈልጋል፤ የከብቱም አዛባ ጠረጋ የሴት ነው። እንግዲህ ወንዱ ዘጠኝና ዐሥር ወር ከሌለ ምን ይሆናል? ጎረቤት ካልተባበረ ወይም የሚከፈለው ሰው ካልተገኘ ቁፋሮው ይዘገያል፣ የሚተከለው ያንሳል። የዚህ ጉዳት ዛሬ አይታይም፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የሚታየው። ብር ሲቸግር ደግሞ ያልደረሰው እንሰት ተቆርጦ ይፋቅና ቆጮው ገበያ ይወጣል፤ ይህ የነገን ጓዳ ዛሬ መብላት ነው።

ሌላው የሚረሳው ነገር ይህ ነው፤ የከተማው ቀጣሪ ለኩሊው ለራሱ ሆድ ብቻ የሚበቃ ዋጋ መክፈል የቻለው ሚስትና ልጆቹን ያ ጓሮ ስለሚመግባቸው ነው። ልጁን ያሳደገው፣ ሲታመም የተቀበለው፣ ሲያረጅ የጦረው እንሰቱ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ አዲስ አበባ በአባወራው ላብ ብቻ አልተሠራችም፤ አንድም ቀን ከተማ ያላየችው ፋቂም ድርሻ አላት። ደመወዝ ግን አልተቆረጠላትም።

«መስቀልስ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ በመስከረም ጉራጌ አገር የገባ ሰው ድህነት የሚባል ነገር አያይም። ከከተማ የመጣው ልብስ፣ ጨውና ቡና ይዟል፤ በሬው በዕቁብ ወይም በቅርጫ ተገዝቷል፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ወጥቷል። ክትፎው ይበላል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ ጋብቻ ይታጫል። ነገር ግን ኑሮን በመስከረም የለካ የታሪክ ሰው ሰኔን መጠየቅ አለበት። ሰኔ ላይ ያለው ያው ቆጮና ጎመን ነው። ለበሬው የተበደረም አለ፤ እሱ ጥቅምት ላይ የሚመለሰው ዕዳውን ለመክፈል ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ሕዝቡን «የእንሰት ባህል ሕዝብ» ማለቱ ትክክል ነው፤ በዓሉ በከተማ ገንዘብ ቢደምቅም ዓመቱን የሚያሻግረው እንሰቱ ነውና።

ሁሉም ቤት አንድ አይደለም። በጠላት ወረራ ጊዜ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ በኋላም የዓረቦቹ ሱቅ እየቀነሰ ሲሄድ፣ ቦታውን የያዙት ጉራጌዎች ነበሩ። የእነዚህ ቤተሰብ ቆርቆሮ ክዳን አየ፣ ልጁን ተማሪ ቤት ላከ። የሊስትሮው እናት ግን የምታየው ብር በመስቀል ብቻ ነው። እንዲያውም ከተማ የተሳካለት ሰው እዚያው ሌላ ሚስት አግብቶ ሲቀር፣ አገር ቤት ያለችው ባል እያላት ባል እንደሌላት ሆና መሬቱን ስትጠብቅ ትኖራለች። ይህን በየመንደሩ የማያውቅ የለም፣ የሚጽፈው ግን የለም።

በ1950ዎቹ የከተማው ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ለመንገድ ሥራ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈው መንገድ የዚህ ዓይነቱ ጥረት ፍሬ ነው። በእኔ ግምት ለቀሩት ሰዎች ከየግሉ መላላኪያ ብር ይልቅ የጠቀመው ይህ ነው፤ ሱቅ የሌለው ልጅ እናትም መንገዱ ላይ መሄድ ትችላለችና። ምጥ የያዛትን በቃሬዛ ወልቂጤ ድረስ መሸከም ለሚያውቅ ሰው የመኪና ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። በሌላ በኩል ያው መንገድ ገና ጢም ያላወጣውን ልጅ ሁሉ ጭኖ ሄደ።

በ1967 ዓ.ም. የካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባለርስቱን አስወገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የወጣው ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። ስለዚህ ስደቱን የጀመረው የባለርስት ግብር ቀረ። ስደቱ ግን አልቀረም፤ በዚህ ጊዜ የሚያስወጣው የመሬቱ ጥበት ነበር። ጓሮው ለአራት ወንድማማቾች ሲከፈል ለአንዱም አይበቃም። ዛሬ በብዙ ቦታ ከእንሰቱ ጎን ባሕር ዛፍና ጫት ቆመዋል፤ ሁለቱም ብር ያመጣሉ፣ ሁለቱም ከእንሰቱ ያነሰ ቁፋሮ ይፈልጋሉ። ቆፋሪው የሌለበት ቤት ባሕር ዛፍ ቢተክል አይገርምም። ባሕር ዛፍ ግን አይፋቅም፤ ቆጮውን ከገበያ የምትገዛ ሴት ደግሞ የልጇን ብር በየወሩ መጠበቅ ግዷ ነው።