የገጠር መሬት ሕግ ከፌዴራል እስከ ዝቋላ ወረዳ

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር በዝቋላ ወረዳ የአርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ መብት የሚዳኘው በፌዴራልና በክልል ሕጎች ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀምና ጥበቃ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች በዚሁ ሕግ መሠረት መሬትን እንዲያስተዳድሩ ይደነግጋል።

የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 456/1997 ክልሎች ዝርዝር ሕግ እንዲያወጡ በመፍቀዱ፣ የአማራ ክልል ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 133/1998ን፣ ቀጥሎም ይህንኑ የተካውን አዋጅ ቁጥር 252/2009ን አውጥቷል። የፌዴራሉ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 በመተካቱ የክልሉ ሕግ ከአዲሱ ጋር መጣጣም ይኖርበታል።

መቀመጫውን ሰቆጣ ያደረገው የብሔረሰቡ ምክር ቤት፣ በ1994 ዓ.ም. በተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት መሠረት የብሔረሰቡን የሥራ ቋንቋ ይወስናል። የመሬት አዋጅ የማውጣት ሥልጣን ግን የክልሉ ምክር ቤት ነው።

በፌዴራልና በክልሎች መካከል ለሚደረግ ምክክር አዋጅ ቁጥር 1231/2013 የሕግ አውጪ፣ የአስፈጻሚና የዳኝነት አካላት መድረኮችን ዘርግቷል።

የወረዳ ባለሙያ በተሻረ ድንጋጌ ውሳኔ ቢሰጥ የሚጎዳው የአርሶ አደሩ የውርስ፣ የስጦታ ወይም የኪራይ መብት በመሆኑ፣ አስቀድሞ ሁለቱንም ሕጎች ማመሳከር ይገባዋል።