ጓ የምትለዋ ፖርሽ

ስሙኝማ! ነገሩ የሆነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ1987 ፖርሽ 944 ከገዛሁ ገና ሦስት ወሬ፤ ሰው ሁሉ «በዚህ ገንዘብ ደህና ኮሮላ አይገዛም ነበር?» እያለ ያማኛል። አንድ ጠዋት መብራት ሲለቀኝ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ብለቅ፣ ከሆዷ «ጓ!» አለች። በሚቀጥለውም መብራት «ጓ!»

ማን ጋ ልሂድ? ጋሼ ጋ ነዋ! ሶማሌ ተራ ዕቃ ሲያገላብጡ ኖረው፣ እዚህም ከልጃቸው ጋራዥ አልወጣም ያሉ ሰው ናቸው። «እስቲ ንዳ» ብለው ጎኔ ተቀመጡ።

መንገዱ ገለጥ ሲል፣ በአራተኛ ማርሽ ቀስ እያልን ሳለ፣ «አሁን ነዳጁን እስከ ወለሉ ርገጥ!» አሉኝ። ረገጥኩ። ሞተሩና ፍጥነቱ አብረው ወጡ። ሞተሩ ብቻውን ጮኾ መኪናዋ ብትቀር ኖሮ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነበር። «ሸራው አለ» አሉ። ቆመን ፔዳሉን አስረገጡኝና የኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ሳይንጫጫ ገባ። «መልቀቁንም ይለቃል።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ከፍተን እናየዋ፣ ልጄ!»

ከፍተን! ለአፍ ይቀላል። የዚች መኪና ሞተር ፊት ነው፣ ካምቢዮዋ ኋላ፤ ጀርመኖቹ ክብደቷን ለማካፈል ብለው። በመሀል ረጅም ቱቦ አለ፣ በቱቦው ውስጥ ዘንግ ይሽከረከራል፣ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ሞተሩ ቂጥ ላይ ተሸጉጧል። ማርሚታው ይወርዳል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ቱቦው ወደ ኋላ ይሳባል፣ ከዚያ ነው የፍሪሲዮኑ ቤት የሚፈታው። ሁለት ቅዳሜና እሑድ በላን። ይህን ሁሉ ለፍቶ ዲስኮውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን ስፒንጂ ዲስኮና ኩሺኔታ መልሶ የሚገጥም ሰው፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጤና የለውም።

ቤቱ ሲከፈት ጥቁር ፍርፋሪ ጋሼ ጫማ ላይ ፈሰሰ። አንዱን አንስተው በሁለት ጣት ጨመቁት። ላስቲክ! የሌላው መኪና ዲስኮ መሀሉ ላይ የሞተሩን ንዝረት የሚውጡ ሞላዎች አሉት፤ በዚህኛው በሞላ ፈንታ ወፍራም ላስቲክ ነበር። ሲነዳ ይለሰልሳል፤ ግን ላስቲክ አይደል፣ ያረጃል። ተቀደደና እምብርቱ ከብረቱ ጋር ይላተም ጀመር። ሸራውን ለካነው፤ ገና ብዙ ይሄድ ነበር።

«እግሩ ደህና፣ ልቡ የሞተ» አሉ ጋሼ።

ባለ ሞላ ዲስኮ አስመጥተን፣ ስፒንጂ ዲስኮውንም ኩሺኔታውንም በአዲስ ተክተን ገጠምን። ቁልፍ አዞርኩ። ሞቶሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት። የጋሼ ልጅ ሻይ አምጥታ፣ ፊታችንን አይታ፣ ዝም ብላ ተመለሰች።

የፍሪሲዮኑ ቤት ላይ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ አንዱ የሞተሩን ፍጥነት፣ ሌላው ፒስተኑ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚናገሩ። ከቮላኖው 0.8 ሚሊሜትር ርቀው ነው የሚቆሙት። ክፍተቱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ጋሼ ባትሪ አብርተው ሶኬቶቹን ተራ በተራ አዩ። ሁለቱም መንታ፣ መልካቸው አንድ።

«ስትፈታ ምልክት አድርገህባቸዋል?»

ዝም አልኩ።

አቀያየሯቸው። «አስነሳ።»

በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ስለቅ፣ ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ወለሉ አዘንብለው፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይጠብቁ ነበር። ጓ የለም። ጣቱ ወረደ።