ቀኑና ምክንያቱ

ልጆቼ ሆይ፣ እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ታሪክን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤ አደግሁ፤ መምህር ስሆንም እንዲሁ አስተማርሁ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ዲቾቶ ላይ አንዲት ተማሪ ለፈተና ስታጠና፣ «ሙንዚንገር ፓሻ በኅዳር 1868 ዓ.ም. አውሳ ላይ ተገደለ» አለችኝ። «ለምን መጥቶ ነበር?» ብላት ዝም አለች። ጥፋቱ የእርሷ ሳይሆን የእኛ የመምህራን ነበር።

ካርታ ዘርግተን አየን። የግብፁ ገዥ ከዲቭ እስማኤል በዚያው ዘመን አንዱን ጦር ከምጽዋ ወደ ደጋው፣ ሁለተኛውን ከዘይላ ወደ ሐረር፣ ሙንዚንገርን ደግሞ ከታጁራ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ ልኮ ነበር። ሐረር ተያዘች፤ አፋሮች ግን አውሳ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስም በዚያው ወር ጉንደት ላይ ወራሪውን መለሱ።

ልጅቱም፣ «ለካ ሦስቱ መንገዶች የአንድ ምኞት ናቸው!» አለች።

እንግዲህ ቀኑን አትናቁት፤ ችካል ነውና። ነገር ግን ችካሉን ተክሎ ግመሉን ማሰር እንደ ረሳ እረኛ አትሁኑ።